በቅሎዋ መናገር የጀመረች ጊዜ

ሰው ስለ ደርግ ዘመን ሲያወራ ስሰማ አብዛኛውን ጊዜ ዝም እላለሁ። የሚያወሩት እውነት ነው፤ እኔም እዚያው ከተማ ውስጥ ነበርኩ። ግን ያን ጊዜ ሳስብ መጀመሪያ ፊቴ ላይ ድቅን የምትለው አንዲት በቅሎ ናት። መጽሔት ላይ የተሳለች፣ አንድ ጆሮዋ የተቀደደ፣ ቃል የማትተነፍስ በቅሎ። ይህን ስናገር የሚስቁብኝ አሉ። ይሳቁ፣ እኔም አንዳንዴ ያስቀኛል።

በየወሩ የሚወጣ አንድ መጽሔት ነበር። አብዛኛው ገጹ ማንም የማያነበው ሪፖርትና ንግግር ነው። የመጨረሻው ገጽ ላይ ግን በሥዕል የሚተረክ ተከታታይ ታሪክ ይወጣ ነበርና ሰው መጽሔቱን የሚገዛው ለዚያች ገጽ ሲል ነው። የምንጀምረውም ከኋላ ነበር። ታሪኩ ስለ አንድ ሲራራ ነጋዴ ነው። ጨውና ቡና ጭኖ ከአገር አገር ይዞራል፣ በደረሰበት ሁሉ ችግር ውስጥ ይገባል፣ በቅሎዋ ታወጣዋለች። ከሥዕሎቹ ሥር ሰዎቹ የሚሉት ይጻፋል። በቅሎዋ ግን አትናገርም። ዝም ብላ ታያለች። ሠዓሊው ዓይኗን እንዴት አድርጎ እንደሚስለው አላውቅም፣ አንድ ነገር ማሰቧ በግልጽ ይታያል፣ ምን እንዳሰበች ግን አይታወቅም። እኛ ወር ሙሉ የምንከራከረው በዚሁ ነበር።

ታሪኩን የሚጽፉትና ገጹን የሚመሩት አንድ ሰው ነበሩ። ስማቸው ከገጹ ግርጌ በትንሽ ፊደል ይወጣል፣ ሁላችንም ግን የምንጠራቸው «አዘጋጁ» እያልን ነው። አዘጋጁ ዘንድሮ እንዲህ አደረጉን፣ አዘጋጁ ነጋዴውን ሊያጋቡት ነው መሰለኝ፣ እያልን። አይተናቸው አናውቅም። የሩቅ ዘመዳችን የሆኑ ያህል ግን እናማቸው ነበር።

አባቴ ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ከፍ ብሎ ሰዓት ሠሪ ነበር። ሱቁ ከመጥበቡ የተነሳ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጃፍ ላይ ይቆማል። አጠገቡ ከወሎ መጥተው ዕድሜያቸውን ሙሉ ፒያሳ ጨርቅ የሸጡ ሐጂ ነበሩ። ሌላው የሱቁ ደንበኛ ከፖስታ ቤት በጡረታ የወጡ ሰውዬ ናቸው፤ የሚሠራ ሰዓት ይዘው መጥተው «ድምፁ አላማረኝም» እያሉ ያስከፍቱታል። ሰበባቸው መጽሔቱ እንደሆነ አባቴም ያውቃል። እኔ በዚያን ጊዜ ቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የታይፕ ጸሐፊ ነበርኩ፣ ከሥራ ስወጣ በሱቁ በኩል ነው የማልፈው።

አባቴ ወሬ የሚባል ነገር አያውቅም። ሰዓት የሰጡት ሰዎች «መቼ ይደርሳል?» ሲሉት መልሱ «ሲደርስ» ነው። ከታናሽ ወንድሜ ጋር ደግሞ ጭራሽ። ልጁን ይወደዋል፣ ይህን እኔ አውቃለሁ፣ እናታችን ታውቅ ነበር፤ ለልጁ ግን ነግሮት አያውቅም። ከእሱ ጋር አፉን የሚፈታው በወር አንዴ፣ መጽሔቱ ሲወጣ ብቻ ነበር። አንድ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተጣበው ይቀመጡና «ምን አሰበች?» ይባባላሉ። አባቴ «ውሃ ጠምቷት ነው» ካለ ወንድሜ «አይደለም፣ በነጋዴው አፍራ ነው» ይላል። አባቴ ማጉሊያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ የበቅሎዋን ዓይን እንደ ሰዓት ሆድ ዕቃ ሲመረምር ሐጂ በሳቅ ይሞታሉ።

ወንድሜ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ውጤት ሳይመጣለት ቀረ። ቀጥሎ የብሔራዊ ውትድርና መጣ፣ ቀበሌው ስሙን ጠራ፣ ተወሰደ። ከማሠልጠኛ በኋላ ሰሜን መመደቡን ሰማን። የሄደ ዕለት እኔና እናቴ ስናለቅስ አባቴ ያለው ነገር ቢኖር «ካልሲህን እያደረቅህ አድርግ» ብቻ ነው። እኔ በዚያ ቀን አባቴን ጠልቼው ነበር ማለት እችላለሁ።

ከዚያ ደብዳቤ መጣ። ወንድሜ ስላለበት ቦታም ሆነ ስለሚሆነው ነገር መጻፍ አይችልም፣ ደብዳቤ በሳንሱር ይታያል። አባቴም መጻፍ አይችልም፣ የሚጽፈውን አያውቅም። «ለጤናህ እንደምን አለህ፣ እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን» ብሎ ይጨርሳል። አንድ ቀን ግን የመጽሔቱን የመጨረሻ ገጽ በምላጭ ቆረጠና ከወረቀቱ ጋር አጥፎ ላከለት። ከሥሩ «ምን አሰበች?» ብሎ ጻፈ። ከሁለት ወር በኋላ ሦስት ገጽ ሙሉ መልስ መጣ።

እንዲህ ሆኖ ቀጠለ። ወንድሜ «ወደ ኋላ ዞራ ያየችው ቤቷን አስባ ነው» ይላል። አባቴ «በቅሎ ቤት የላትም፣ የምታድርበት ነው ቤቷ» ብሎ ይመልሳል። ወንድሜ «አላት፤ ሲደክማት ነው የምታስበው» ብሎ ይጽፋል። አባቴ ይህን አንብቦ ያን ቀን ሙሉ አንድም ሰዓት ሳይነካ ዋለ። እኔም ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ሁለቱ የሚያወሩት ስለ በቅሎ አልነበረም።

አንድ ወር መጽሔቱ ወጣ፣ ገዝቼ ወደ ሱቁ ይዤ ሄድኩ። ሐጂም ፖስተኛውም እየጠበቁ ነው። አባቴ ከኋላ ገለጠው። መጀመሪያው ሥዕል ላይ በቅሎዋ አፏን ከፍታለች። ከሥሩ እንዲህ የሚል ተጽፏል፦ «ጌታዬ ሆይ፣ ይህ ተራራ እርከን ቢሠራለት ኖሮ አፈሩ ባልተሸረሸረ።»

አባቴ ሁለተኛውን ሥዕል አየ፣ እዚያም ትናገራለች። ሦስተኛው ላይ ስለ ችግኝ ነው።

«ሱብሃነላህ» አሉ ሐጂ በመጨረሻ። «እስከ ዛሬ ዝም ያለችው ይህንን ልትል ነው?»

ፖስተኛው ከገጹ ግርጌ ያለውን ስም አሳዩን። የአዘጋጁ ስም የለም። ሌላ ስም ነው።

ሳምንት ሳይሞላ ወሬው ከአራዳ እስከ አራት ኪሎ ደረሰ። አዘጋጁ የትራንስፖርት ሠራተኞች ወደሚያነቡት ሌላ መጽሔት ሄደዋል፣ እዚያም አዲስ የሥዕል ታሪክ ጀምረዋል፤ ስለ አንድ የአሰብ መስመር ሾፌር። ኳስ ተጫዋች ወደ ባላንጣው ክለብ ቢሄድ ያን ያህል አይሰደብም። ኬክ ቤት ገብቼ ማኪያቶ ሳዝዝ ባንኮኒው ላይ የተደገፉ ሁለት ጎልማሶች «ሸወደን እኮ፣ ንጹሕ ሸወደን» እያሉ ይንገበገባሉ። አንዱ ግን አዲሱን መጽሔት ገዝቶ ኮቱ ውስጥ ሸጉጦ ነበር፣ ጫፉ ይታያል። እኛ ቢሮ ታይፒስቶቹ ለሁለት ተከፈልን። ወደ ሾፌሩ የሄዱትን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን «ተገንጣዮች» እንላቸዋለን፣ እነሱ ደግሞ እኛን ከበቅሎ ያልወረድን ፋራዎች ይሉናል። እውነቱን ለመናገር የሾፌሩ ታሪክ ጥሩ ነበር። ግን በቅሎ የለበትም።

ለሌላው ሰው ጨዋታ ነበር። ለአባቴ ግን አልነበረም። ያን ወር ገጹን አልቆረጠም። «ይህን ብልክለት የቀለድኩበት ይመስለዋል» አለ። በሚቀጥለው ወር በቅሎዋ ስለ ማዳበሪያ ተናገረች፣ አሁንም አልላከም። ከዚያ የወንድሜ ደብዳቤ መጣ። «ገጹ ለምን ቀረ? ታማችኋል እንዴ? ደህና ከሆናችሁ ሁለት መስመርም ቢሆን ጻፉልኝ» ይላል። አባቴ ወረቀት አወጣ፣ «ለጤናህ እንደምን አለህ» አለ፣ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«እንደናፈቀህ ጻፍለት» አልኩት።

«ይሄ በደብዳቤ ይጻፋል?» አለኝ፣ ከልቡ ጠይቆ።

ተናድጄ ወጣሁ። ልጁ ያለበትን ቦታ ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ የተመለሱትን በየሆስፒታሉ እናያለን፣ ያልተመለሱትን ደግሞ በየጎረቤቱ ድንኳን። እና አባቴ ለዚህ ልጅ የሚጽፈው ነገር አጣ፣ በቅሎ ስለተናገረች።

መፍትሔውን ያመጡት ሐጂ ናቸው። «እንዲህ ያማረ ነገር ያለ ጠብ አይፈርስም» አሉ። «አዘጋጁና ሠዓሊው ተጣልተው ነው። የተጣላ ሰው ደግሞ ይታረቃል። ሽማግሌ እንላክ።»

ፖስተኛው ወዲያው ተስማሙ። አዘጋጁ ደጃች ውቤ ሰፈር እንደሚኖሩ፣ ቤታቸው የትኛው እንደሆነም ጭምር ያውቃሉ፤ ፖስታ ቤት የሠራ ሰው የማያውቀው በር የለም። ሽማግሌ ግን ሦስት መሆን አለበት። አባቴ «ባለጉዳይ ሽማግሌ አይሆንም» ብሎ እምቢ አለ። ፎቅ ላይ ያለው ልብስ ሰፊ ተጠየቀ፣ ለካ ተገንጥሎ ወደ ሾፌሩ ሄዷል። በመጨረሻ ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። ሴት፣ ያውም ያላገባች፣ ገና ሠላሳ ያልሞላት ሽማግሌ እኔ እስከማውቀው ድረስ በአራዳ ታሪክ አልነበረም።

«ምን ታደርጊያለሽ፣ ዘመኑ የሴቶች እኩልነት ነው» አሉኝ ሐጂ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሄድን። ሐጂ ነጭ በነጭ ለብሰው ካፖርታቸውን ደርበዋል፣ ፖስተኛው ከሥላሴ በቀጥታ ስለመጡ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ናቸው፣ ከሥሩ ግን ከራቫት አስረዋል። እኔ ከኋላ። በሩን የከፈቱት የአዘጋጁ ባለቤት ናቸው። አንዴ አዩን፣ ፊታቸው ተለዋወጠ፣ «ግቡ» ሳይሉ ወደ ጓዳ ሮጡ። ትንሽ ቆይተው አዘጋጁ ሹራባቸውን እየጎተቱ ወጡ። ወፍራም፣ አጭር፣ መነጽራቸው በክር የታሰረ ሰው ናቸው። እኔ እንዴት እንደገመትኳቸው አላውቅም፣ እንዲህ ግን አልነበረም።

«አረፍ በሉ እንጂ» አሉ።

«እሺ ካላሉን አንቀመጥም» አሉ ሐጂ። «ለትልቅ ጉዳይ ነው የመጣነው።»

አዘጋጁ ሐጂን አዩ፣ ፖስተኛውን አዩ፣ እኔን ከላይ እስከ ታች አዩኝ። እኔን የምን ብለው እንደመደቡኝ እንጃ። ጉሮሮአቸውን ጠረጉና ቀስ ብለው «አክብራችሁ መምጣታችሁ ደስ ይላል» አሉ። «ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልጄ ገና አሥረኛ ክፍል ናት። ትምህርቷን ሳትጨርስ ለማንም አልሰጥም።»

ከመጋረጃው ኋላ ያመለጠ የታፈነ ሳቅ ተሰማ።

«ልጅዎን አላህ ያሳድግልዎ» አሉ ሐጂ፣ ፊታቸው ሳይለወጥ። «እኛ የመጣነው ለበቅሎዋ ነው።»

ያን ቀን የአዘጋጁን ፊት ያየ ሰው ዕድሜውን ሙሉ አይረሳም። ሐጂ ነገሩን ከመጀመሪያው ተረኩ፤ በሽምግልና ደንብ፣ ሳይቸኩሉ፣ አንዱንም ወገን ሳይነኩ። ሰው ሆኖ የማይጣላ የለም፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አንጠይቅም፣ ስለ እኛ ብለው ከሠዓሊው ጋር ይታረቁ፣ ወደ ቤትዎ ይመለሱ አሉ። «ቤትዎ» ያሉት መጽሔቱን ነው።

«ከማን ጋር ልታረቅ?» አሉ አዘጋጁ። «ሠዓሊው እኮ የሚስቴ ወንድም ነው። ትናንት እዚህ ምሳ በልቶ ነው የሄደው።»

ፖስተኛው ጣራውን ማየት ጀመሩ።

አዘጋጁ ነገሩን ነገሩን። ጠብ የለም። የዝውውር ደብዳቤ ደረሳቸው፣ ዕቃቸውን በካርቶን አድርገው ሄዱ፣ በቃ። ማን እንዳዛወራቸው፣ ለምን እንዳዛወራቸው አልጠየቁም፤ በዚያን ጊዜ ይህ አይጠየቅም። ሾፌሩን የጀመሩት ባዶ ገጽ ስለሰጧቸው ነው። የተከፉ አይመስሉም፣ እንዲያውም አሰብ መንገድ ድረስ ሄደው ከሾፌሮች ጋር መዋላቸውን ሲያወሩ ዓይናቸው በራ። በቦታቸው ስለተተካው ልጅ ደግሞ «አትስደቡት» አሉን። «በቅሎዋን ወዶ ያናገራት አይመስለኝም። ወዶ ከሆነም ወጣት ነው፣ ይማራል።»

እዚህ ላይ ጉዳያችን አልቆ ነበር። ደግነቱ ሐጂ ባዶ እጃቸውን የሚመለሱ ሰው አይደሉም። ስለ አባቴና ስለ ወንድሜ ነገሯቸው። ገጹ በምላጭ እንደሚቆረጥ፣ «ምን አሰበች?» ተብሎ እንደሚጻፍበት፣ መልሱ ከየት እንደሚመጣ፣ አሁን ግን አባት ለልጁ የሚጽፈው አጥቶ እጁን አጣምሮ መቀመጡን። የሐጂም የራሳቸው ልጅ ምሥራቅ ግንባር ቀርቷል፣ እኛ ሁላችን እናውቃለን፣ እሳቸው ግን አያነሱትም።

አዘጋጁ ተቀመጡ። እኛም «እሺ» ሳይሉን መቀመጣችን ትዝ ያለን በኋላ ነው።

«የእኔ የመጨረሻው ገጽ የቱ ነበር?» አሉ ወደ እኔ ዞረው።

«ወንዝ ዳር ደርሰው በቅሎዋ አልሻገርም ያለችው» አልኩ።

«አዎ።»

«ለምንድነው አልሻገርም ያለችው?» ስል ጠየቅኋቸው። ይህን ለመጠየቅ ወራት ጠብቄያለሁ፣ ሽምግልናውን ረስቼው ነበር።

«እኔንጃ» አሉ።

«እንዴት አያውቁም?»

«አላውቅም። እኔ ሰዎቹ የሚሉትን እጽፋለሁ። እሷ ምን እንደምታስብ አንድም ቀን አውቄ አላውቅም፣ የሚስላትም አያውቅም። ያን የተውነው ለአንባቢ ነው።» መነጽራቸውን አውልቀው በሹራባቸው ጠረጉ። «አባትሽስ ምን አለ?»

«ከኋላ የቀረ ሰው ስላለ ነው ይላል።»

መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ። «እንግዲያው እሱን ይጻፍለት» አሉ። «ቀጣዩን እሱ ይጻፍ። በእኔ ስም ይጻፍ ከፈለገ፤ አዘጋጁን አግኝተናቸው ታሪኩ እንዲህ ነው የሚሄደው አሉን ይበለው። በቅሎዋን ብቻ እንዳያናግራት።»

አባቴ ይህን ስነግረው ደስ አላለውም። «ለእርቅ ልኬያችሁ የቤት ሥራ ይዛችሁልኝ መጣችሁ?» አለ። በሐጂም ሳይቀር ተኮሳተረባቸው። እኔ ብትፈልግ ጻፍ ባትፈልግ ተወው ብዬ ወደ ቤት ሄድኩ። በማግስቱ ከሥራ ስወጣ በሱቁ ሳልፍ ግን ባንኮኒው ላይ ሰዓቶቹ ተገፍተው አባቴ ወረቀት ላይ ተደፍቶ አገኘሁት። ደንበኛ ቆሞ ይጠብቃል። «መቼ ይደርሳል?» ሲለው አባቴ ቀና እንኳ አላለም።

የጻፈውን ሰጠኝ፣ ፊደሉን እዪልኝ ብሎ። ነጋዴው በቅሎዋን ይጎትታል፣ አትሄድም። ይቆጣል። ይመታታል። ከዚያ ጭነቱን አራግፎ ወንዙ ዳር ይቀመጣል። ሲቀመጥ ትዝ ይለዋል፦ ከቤቱ ሲነሳ ደጃፍ ላይ ቆሞ የሸኘው ሰው ነበር፣ ለዚያ ሰው ሊናገረው የሚገባ ነገር ነበረው፣ እሱ ግን ስለ ጭነት ገመድ ብቻ ተናግሮ ወጣ። በቅሎዋ ይህን ታውቃለች ይላል አባቴ። በቅሎዋ መንገዱን ሁሉ ይህን ይዛ ነው የመጣችው። ከሥሩ «አዘጋጁ እንዲህ ነው ብለዋል። አንተስ ምን ይመስልሃል?» ብሏል።

ፊደሉ ምንም ችግር አልነበረበትም። አንብቤ ስጨርስ የማደርገው ጠፍቶኝ ሱቁን መጥረግ ጀመርኩ። ወንድሜ የሄደ ዕለት የጠላሁትን አባቴን ያን ቀን አቅፌ ብስመው ደስ ባለኝ፣ ግን እኔም የእሱ ልጅ ነኝ።

ሐጂ ሲያነቡት ሌላ ነገር ታያቸው። «ይሄን ደብዳቤ የሚያየው ሰውዬ ምስጢር ነው ቢልስ?» አሉ። «'ወንዙን አልሻገርም' የሚል ሲያነብ አስበው እስቲ። ልጁን በገዛ እጅህ ልታስጠይቀው ነው።» እውነታቸውን ነበር። ወንዙ ወጣ። ተራራ፣ ድልድይ፣ መንገድ የሚባል ነገር እንዳይገባ ተወሰነ። በዚህ ምክንያት ያ ምስኪን ነጋዴ ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ሁሉ ያሳለፈው አንድ ባቄላ እርሻ ዳር ነው። በቅሎዋ ባቄላውን አይታ ታስባለች።

መልሱ መጣ። ወንድሜ «ነጋዴው አይጨነቅ» ብሎ ነበር። «ስለ ገመዱ ሲነግረው ምን ማለቱ እንደነበር የሸኘው ሰው ገብቶታል።» አባቴ ይህን ደብዳቤ ለማንም አላሳየም፣ እኔ እንኳ ያነበብኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

እንዲህ ባለ ሁኔታ አባትና ልጅ ዓመታት ተጻጻፉ። አንዳንዱ ደብዳቤ ጠፍቷል፣ አንዳንዱ ተደራርቦ መጥቷል። እናቴ ስታርፍ ለወንድሜ የነገረው በበቅሎዋ ነው። ነጋዴው ከቤት መልእክት ደረሰው፣ በቅሎዋ ያን ቀን ባቄላ አልበላችም ብሎ። ከሥሩም ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ አፍ «እናትህ አርፋለች፣ ስምህን እየጠራች ነው ያረፈችው፣ እኔም እወድሃለሁ» ብሎ ጻፈ። ሲጽፈው አጠገቡ ነበርኩ።

አዘጋጁን አንድ ቀን ቴዎድሮስ አደባባይ አገኘኋቸው፣ ታክሲ ሲጠብቁ። ሽማግሌዋ መሆኔን አላወቁም፣ እኔ ነኝ አስታውሼ የነገርኳቸው። ማመስገን ፈልጌ የማይረባ ነገር ተናገርኩ። እሳቸው «በቅሎዋ ደህና ናት?» አሉኝ። «ደህና ናት፣ ባቄላ እየበላች ነው» ስላቸው ሳቁና ታክሲው መጣ። ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም። ያን ጊዜ አገር ሙሉ የሰደባቸው እንደዛ ጥለውን ስለሄዱ ነው። እኔ ግን ባይሄዱ ኖሮ እላለሁ። ባይሄዱ ኖሮ አባቴ እስከ መጨረሻው የሰው ገጽ እየቆረጠ ይልክ ነበር። ስለሄዱልን እግዚአብሔር ይስጣቸው።

የመጨረሻው ዓመት ደብዳቤ ቆመ። መንግሥት ሲለወጥ ከተማው ከሰሜን በሚመለሱ ወታደሮች ተሞላ፤ ከፊሎቹ በእግር፣ ከፊሎቹ በክራንች። ከአደባባዩ እስከ ፒያሳ የእያንዳንዱን ፊት እያየሁ እሄድ ነበር። አባቴ አላየም፣ ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ ጠበቀ። ወንድሜ አንድ ረፋድ ላይ በገዛ እግሩ መጣ፤ ከስቶ፣ ጥርሱ ረግፎ፣ ጠይም የነበረው ሰውዬ ጠቁሮ። ሐጂ መጀመሪያ አይተውት እሪ አሉ፣ ጎረቤቱ በሙሉ ተንጋግቶ ወጣ። አባቴ ከወንበሩ ሳይነሳ ወንድሜ ጎንበስ ብሎ አቀፈው። ስለዚያ ሰዓት ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም። ስንቱ ቤት ያልመጣው ለእኛ መጣልን።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው፣ ሁለቱ ያቺው ወንበር ላይ ተጣበው ተቀምጠዋል። እኔ ደጃፍ ላይ ነኝ። አባቴ ሰዓት እየሠራ፣ ቀና ሳይል «አዘጋጁ ጥሩ ሰው ነበሩ፣ ታሪኩን እየነገሩን...» ብሎ ጀመረ።

«አባዬ» አለ ወንድሜ። «መጽሔቱ እኮ እኛም ጋ ይደርስ ነበር። ዘግይቶ ነው እንጂ ይደርሳል፣ ይከፋፈላል። በቅሎዋ መናገር ከጀመረች መቆየቷን ከሦስተኛው ደብዳቤህ በኋላ አይቻለሁ።»

አባቴ እጁ ላይ ያለችውን ሰዓት አስቀመጠ። ጆሮው ቀላ።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርህ ታቆም ነበራ።»

እኔ አባቴ ተቆጣ ወይም አፈረ ብዬ ፈራሁ። ማጉሊያ መነጽሩን ከዓይኑ ነቀለ፣ ወደ ልጁ ሳያይ፣ ድምፁን አሳንሶ ጠየቀው።

«እና የማን ይሻል ነበር?»

«የመጽሔቱን እንጃ» አለ ወንድሜ። «አንብቤ አልጨረስኩትም። ያንተን ግን ምሽግ ውስጥ ለጓደኞቼ ጮክ ብዬ ነበር የማነብላቸው። ባንተ ደብዳቤ የማያውቋትን በቅሎ እያሰቡ የሞቱ ልጆች አሉ፣ አባዬ።»

አባቴ ተነሳና ገና ምሳ ሰዓት ሳይደርስ የሱቁን መዝጊያ አወረደ።